ኪንታሮቱ አገረሸብኝ፤ ክትባቱን ልግዛ?

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«ሰላም እታለም፣ እንደምን ነዎት? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። 27 ዓመቴ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ልጅ ገና አልወለድንም። ከአምስት ወር በፊት ብልቴ አካባቢ ትንንሽ ነገር በቀለብኝ። ስታጠብ በእጄ ነው ያገኘሁት። አያመኝም፣ አልፎ አልፎ ያሳክከኛል። ለእናቴ ብቻ ‹ኪንታሮት መሰለኝ› አልኳት። እሷም ኪንታሮት ያድናል የሚባል የባህል ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። የቀባኝ ነገር አቃጥሎ አቆሰለኝ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ተኮሱልኝ፣ ጠፋ። ሁለት ወር ሳይሞላው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ደግሞ በዝቷል። እናቴ ፀበል እንሂድ ትላለች። ባለቤቴ ‹ከማን አመጣሽው?› ይለኛል። እሱ ምንም የለበትም። ከእሱ በፊት አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ያንን ያውቃል። ከተጋባን ወዲህ ሌላ ሰው አላውቅም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ክትባት አለ፣ ከተከተብሽ ሁለተኛ አይመለስብሽም አለችኝ። እውነት ነው? ለቤት ኪራይ ያስቀመጥነው ብር አለ፣ ከእሱ ላውጣ? ካንሰርስ ይሆናል? መውለድስ እችላለሁ? አብራን የምትኖር የ13 ዓመት እህት አለችኝ። እንዳይዛት ፈርቼ ፎጣዬን እንዳትነካ ከልክያታለሁ። ትምህርት ቤት ክትባት ሲሰጡም መካን ያደርጋል ሲባል ሰምቼ እንዳትከተቢ ብያት ነበር። አሁን ግራ ገብቶኛል።»

እህቴ፣

ከብሩ ልጀምር። የኪራዩን ብር ለጊዜው አትንኪው። ክትባቱ፣ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ የሚባለው፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ክትባት ነው። ግን ጓደኛሽ እንዳለችው አይደለም። የወጣውን አያጠፋም። «ሁለተኛ አይመለስም» የሚል ዋስትናም አይሰጥም። አንቺ ባለሽበት ሁኔታ ከእሱ የሚቀድሙ ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹ ደግሞ ብዙ ብር አይጠይቁም።

ደብዳቤሽን ሳነብ «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» የሚለው ላይ ቆየሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው አይምልም። ወባ የያዘውም አይምልም። አንቺ የማልሽው ገዛ ቤትሽ ውስጥ እንደ ተከሳሽ ስለቆምሽ ነው። ይህ በጣም አሳዝኖኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ስሙ ላውራ። ግማሹ ጣጣሽ የመጣው ከስሙ ነው።

አማርኛችን ለተለያዩ ሕመሞች አንድ ስም ሰጥቷል። ፊንጢጣ ላይ አብጦ የሚወጣውን የደም ሥር ኪንታሮት እንለዋለን። እጅና እግር ላይ የሚወጣውን ሻካራ ነገርም ኪንታሮት እንለዋለን። ብልት ላይ የሚወጣውም ኪንታሮት ነው። የመጀመሪያው ቫይረስ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የቀሩት ሁለቱ የሚመጡት ከቫይረስ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ዓይነታቸው ይለያያል። «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚለው ማስታወቂያ ግድግዳው ሁሉ ላይ አለ። እናትሽ አንቺን ለማዳን የሄደችበት መንገድ ይህ ነው፤ አልፈርድባትም። ሰውየው የቀባሽ ምን እንደሆነ አልነገረሽም። ቅንጭብም ይሁን ቁልቋል፣ ወተቱ የእጅን ወፍራም ቆዳ እንኳ ያቆስላል። የብልት ቆዳ ስስ ነው። የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ለቫይረሱ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ የማይታወቅ ነገር አትቀቢ። ከፋርማሲ የሚገዛውን የእግር ኪንታሮት መድኃኒትም ቢሆን እዚያ ቦታ አታድርጊው።

አሁን ወደ ቫይረሱ። ስሙ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ነው፤ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ ይሉታል። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። ዓይነቶቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ካንሰር ይሆናል ወይ ብለሽ የጠየቅሽው እዚህ ላይ ይመለሳል። ከብልት ኪንታሮት 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት ቁጥር 6 እና ቁጥር 11 ናቸው። የማህፀን በር ካንሰርን በብዛት የሚያመጡት ግን ሌሎች ናቸው፤ ቁጥር 16 እና 18 ብቻቸውን 70 በመቶውን ይሸፍናሉ። ቫይረሱ ከማህፀን በር ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና ያጠናው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ዛሬ የምናወራው ክትባት መሠረቱ የእሱ ሥራ ነው። እና መልሱ፦ ኪንታሮትሽ ወደ ካንሰር እየተለወጠ አይደለም። ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሊይዘው ይችላል። 6ን ያመጣው መንገድ 16ንም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የማህፀን በር ምርመራ በዕድሜሽ ሲደርስ እንዳያመልጥሽ።

ቀጥሎ ያለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ወይም ይህን ገጽ ስጪውና ራሱ ያንብበው።

ወንድሜ፣ «ከማን አመጣሽው» ለሚለው ጥያቄህ መልስ የለውም። ሚስትህ ስለደበቀችህ አይደለም። ሐኪምም፣ ላቦራቶሪም ሊመልሰው አይችልም። ይህ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ግን ከዓመታት በኋላ የሚወጣበት ጊዜም አለ። የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች ደግሞ ምንም ሳይወጣባቸው ይኖራሉ፤ ያስተላልፋሉ ግን። ከጋብቻችሁ በፊት እሷን ይዟት ሊሆን ይችላል። ከጋብቻችሁ በፊት አንተን ይዞህ፣ አንተ ላይ ሳይታይ እሷ ላይ ወጥቶም ሊሆን ይችላል። ማን ለማን ሰጠ፣ መቼ ሰጠ የሚለውን የሚለይ ምርመራ የለም። ግብረ ሥጋ ግንኙነት የጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ከዚህ ቫይረስ ዓይነቶች አንዱ ይይዛቸዋል። ኪንታሮት መውጣቱ አለመታመንን አያሳይም። መታመንንም አያሳይም። ስለ ትዳርህ ከዚህ ሕመም የምታነበው ነገር የለም። «እኔ ምንም የለብኝም» የምትለው በዓይንህ ስላላየህ ነው። አብረሃት ሂድና ተመርመር። ፀጉር የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ሰው ራሱን ማየት ይከብደዋል።

እህቴ፣ ይህን ካነበበ በኋላም ነገሩ ከንግግር ወደ ዱላ የሚሄድ ከሆነ ጸጥ ብለሽ አትቀመጪ። ለምታምኚው የቅርብ ሰው ያኔውኑ ንገሪ።

አሁን ለምን አገረሸብኝ ወደሚለው። የጣናን እምቦጭ ታውቂዋለሽ። ስንት ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። ማሽንም መጣ። ዳሩ ጥርት ብሎ ይታይና ሰው ደስ ይለዋል። ዘሩ ግን ጭቃው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ጊዜውን ጠብቆ ያቆጠቁጣል። የተተኮሰው ኪንታሮትሽም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ያጠፋው በዓይን የሚታየውን ነው። ቫይረሱ ደግሞ ዙሪያውን ባለው ጤነኛ በሚመስል ቆዳ ሥር ነበረ። መተኮስ፣ ማቀዝቀዝ፣ ቅባት፣ አሲድ፣ ሁሉም የሚሠሩት ላዩን ነው። የሥሩን ቀስ በቀስ የሚያዳክመው የራስሽ ሰውነት ነው። ስለዚህ ማገርሸት የተለመደ ነው። ከታከሙት መካከል ከሦስትና ከአራት አንዷ ላይ ይመለሳል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ነው። አንቺ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። አዲስ ሰው ሰጠሽ ማለትም አይደለም።

ከዚህ ጋር ደስ የሚል ነገር አለ። ጤነኛ ሰውነት ይህን ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፈዋል። ከአሥር ሰው ዘጠኙ በሁለት ዓመት ውስጥ ይገላገለዋል። ሥራችን ሰውነትሽ ሥራውን እስኪሠራ ላዩን እያጸዱ መጠበቅ፣ የሚያዳክመውንም ነገር ማስወገድ ነው።

የሚያዳክመው ምንድን ነው? ሲጋራ አንዱ ነው። የሚያጨሱ ሴቶች ላይ ኪንታሮት በብዛት ይወጣል፣ ቶሎም አይለቅም። አንቺ ባታጨሺ እንኳ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ውጭ ያጭስ። ስኳር ያለባት ሴት ስኳሯ ካልተስተካከለ ይከብዳታል። ለአስም፣ ለቁርጥማት ወይም ለሌላ ነገር ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚባለውን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስድም እንደዚሁ። ራስሽ ገዝተሽ የማሳከክ ቅባት ስትቀቢ ከነበረም ለሐኪሙ ንገሪው፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ስቴሮይድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ኤች አይ ቪ ነው። ሰውነት ሲዳከም ኪንታሮቱ ይበዛል፣ ይሰፋል፣ በየጊዜው ያገረሻል። አለብሽ ማለቴ አይደለም። ግን አምስት ወር ሙሉ ስትታከሚ ተመርምረሽ እንደሆነ ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ተመርመሪ። ባለቤትሽም ይመርመር።

ሲጀመር ማንን ይይዛል የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። በሕይወቷ ከብዙ ሰው ጋር የተገናኘች፣ ወይም ባሏ ከብዙ ሰው ጋር የተገናኘ፣ በልጅነቷ ግንኙነት የጀመረች፣ ያለ ኮንዶም የምትገናኝ ሴት ዕድሏ ይሰፋል። አንድ ሰው ብቻ ያወቀችም ይይዛታል፤ አንዱ ይበቃል። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያስቀርም፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ኮንዶም በማይሸፍነው ቆዳ ላይም አለ። እንዲያም ሆኖ ኪንታሮቱ እስኪጠፋ ድረስ ተጠቀሙበት።

ስለ ምላጭ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ሴት የማታውቀው ነው። ኪንታሮት ያለበትን አካባቢ በምላጭ መላጨት ቫይረሱን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዘራዋል። ትንንሽ ጭረት ይፈጠራል፣ በዚያ ይገባል። በመስመር ተደርድሮ የወጣ ኪንታሮት ያየሁት ብዙ ጊዜ ምላጭ ያለፈበት ላይ ነው። እስክትድኚ በመቀስ አሳጥሪው፣ ምላጩን ተይው።

አሁን ክትባቱ። ጓደኛሽ ከየት እንደሰማችው ይገባኛል፤ ሐኪሞችም ሲመኙት የኖሩት ነገር ነው። ክትባቱ የሚሠራው ሰውነት ቫይረሱን ገና በር ላይ እንዲያውቀውና እንዲመልሰው በማድረግ ነው። ሕያው ቫይረስ የለበትም። የቫይረሱን ውጫዊ ቅርፊት የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሊገባ ያለውን ይከለክላል። ቆዳ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠውን ግን አያወጣውም። ወደ እምቦጩ ስመለስ፣ አዲስ ዘር ወደ ሐይቁ እንዳይገባ የሚያግድ ነው፤ ጭቃው ውስጥ ያለውን አይለቅምም።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ 503 ኪንታሮት ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ወጣ። ሁሉም ቅባት እየተሰጣቸው ታከሙ። ከዚያ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተወጉ። የተከተቡት ትንሽ የተሻሉ መሰሉ። ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ብሎ ለመናገር የሚያበቃ አልነበረም። ስለዚህ «ይረዳ ይሆናል» ማለት ይቻላል። «አይመለስም» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ግን አንቺን እያየ ሳይሆን ብርሽን እያየ ነው።

ታዲያ ለአንቺ ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል። አንቺን የያዘሽ አንዱ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱ ከቀሩት ይጠብቅሻል፣ ከ16 እና ከ18 ጭምር። አንዴ ይዟቸው ሰውነታቸው ያጠፋላቸው ሴቶች በኋላ ቢከተቡ በዚያው ዓይነት ዳግም እንዳይታመሙ እንደሚረዳ የሚያሳይ መረጃም አለ። ስለዚህ እጅሽ ላይ ትርፍ ብር ኖሮ ብትጠይቂኝ «ተከተቢ» እልሽ ነበር። የጠየቅሽኝ ግን ስለ ኪራይ ብር ነው። የመንግሥት ነጻ ክትባት ለልጃገረዶች እንጂ ለአንቺ ዕድሜ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ21 ዓመት በላይ ላሉ የሚመክረው በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰውነታቸው ለተዳከመ ደግሞ ከተቻለ ሦስት ጊዜ። አንዴ ከፍለሽ የምትገላገዪው አይደለም።

አንድ ቀን ለመከተብ ከወሰንሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ። ሁለት ዓይነት ብቻ የሚከላከል ክትባት አለ፤ 16 እና 18ን። ለካንሰር ጥሩ ነው፣ ለኪንታሮት ግን ምንም አያደርግልሽም። 6 እና 11 ያሉበት ባለ አራቱ ወይም ባለ ዘጠኙ ነው። ሁለተኛ የት እንደተቀመጠ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት። የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቂዋለሽ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አላቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ አርግዘሽ እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁኚ። በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ጀምረሽ ብታረግዢ አትደንግጪ፣ ልጁን ይጎዳል የሚባል ነገር አልታየም፤ የቀረውን ከወለድሽ በኋላ ትወስጃለሽ።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽ፣ ይህን አድርጊ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ጥሩም ይሁን መጥፎ ተይው። የማህፀንና ጽንስ ወይም የቆዳ ሐኪም ይይሽ። ከጤና ጣቢያሽ ሪፈር አጽፈሽ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መሄድ ትችያለሽ። ዘመድ እንዳያየኝ ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ለማንም ምክንያቱን መንገር የለብሽም። «የማህፀን ምርመራ» በቂ መልስ ነው፤ ውሸትም አይደለም።

እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ኪንታሮት መሆኑን ያረጋግጡልሽ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ቂጥኝ ሁለተኛ ደረጃው ላይ ሲደርስ ጠፍጣፋ፣ እርጥብ እብጠት ብልት ላይ ያወጣል፤ ኪንታሮት ይመስላል። እሱን ብትተኩሺው ትርፉ ቁስል ነው፤ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን መርፌ ነው። ስለዚህ የቂጥኝ ደም ምርመራ ከኤች አይ ቪው ጋር አብሮ ይሠራ። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንዳንድ ሴት የብልቷ መግቢያ ላይ በግራና በቀኝ እኩል የተደረደሩ ለስላሳ ትንንሽ ነገሮች አሏት። ተፈጥሮዋ ነው፣ በሽታ አይደለም። በሱ ተጨንቃ የተተኮሰች ሴት አውቃለሁ። የሚደማ፣ የጠቆረ፣ የጠነከረ ወይም ታክሞ ታክሞ አልለቅ ያለ ካለ ደግሞ ናሙና እንዲወሰድ ጠይቂ።

ሕክምናው አንድ ብቻ አይደለም። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አለ። ሐኪሙ በየሳምንቱ የሚነካካልሽ አሲድ አለ። ፖዶፊሊን የሚባል ቡናማ ፈሳሽ አለ፤ ነርሷ ቀብታሽ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ትታጠቢዋለሽ፣ ዕለቱን ሙሉ አይቆይም። ራስሽ ቤት የምትቀቢው ኢሚኪሞድ የሚባል ክሬም አለ። በሳምንት ሦስት ሌሊት ነው፣ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። ሲቀላና ሲያቃጥል ብዙ ሰው ይተወዋል። የሚሠራው ሰውነትን በመቀስቀስ ስለሆነ ትንሽ መቅላት የሚጠበቅ ነው፤ ከቆሰለ ግን አቁመሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ክሬሙ ኮንዶምን ያደክማል፤ ስለዚህ ክሬሙ ቆዳሽ ላይ እያለ ግንኙነት አይኑር። የትኛውንም ብትጀምሪ በአንድ ጊዜ እንዲያልቅ አትጠብቂ። ላዩ ጸድቶ እንኳ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ሁለቴ ተመልሰሽ ታይ። ያን ጊዜ የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይነሳል። አንቺ የጎደለሽ ምናልባት ይህ ቀጠሮ ነው፤ ጠፋ ብለሽ ቀረሽ፣ ተመልሶም እስኪበዛ ዝም አልሽ።

ስለ ማህፀን በር ቅድመ ምርመራ፣ በአገራችን መደበኛው የሚጀምረው ከ30 ዓመት ነው። የማህፀኑን በር ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ቀብተው ያዩታል፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ብዙም አያምም። የኤች አይ ቪ ውጤትሽ ንጹሕ ከሆነ ኪንታሮት ስለወጣብሽ ብቻ ቀድመሽ ልትጀምሪ አይገባም። ኤች አይ ቪ ካለ ግን ቀደም ብሎና ቶሎ ቶሎ ነው።

እናትሽ ፀበል ካለች ሂጂ። ተጠመቂ፣ ጠጪ፣ ጸልዪ። አንቺም እሷም ልባችሁ ያርፋል። ቀጠሮሽን ግን በእሱ አትለውጪው። ሁለቱ አይጣሉም።

መውለድ ትችያለሽ። ኪንታሮት መካን አያደርግም። ሐኪምሽ ማወቅ ያለበት ግን ልጅ እየፈለጋችሁ መሆኑን ነው። ፖዶፊሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ልጁን ይጎዳል። ኢሚኪሞድም አይመከርም። አሲዱና ማቀዝቀዙ ግን ይቻላል። በእርግዝና ጊዜ ኪንታሮት በፍጥነት ያድጋል፤ የሰውነት መከላከያ ስለሚለወጥና ወደ አካባቢው የሚሄደው ደም ስለሚበዛ ነው። አዋላጅ ሆኜ ስሠራ ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ የመጣች ነፍሰ ጡር አስታውሳለሁ። የአበባ ጎመን ያህል ሆኖ ነበር። መቀመጥ አቅቷት ጀልባው ላይ ቆማ ነው የመጣችው። የመጣችበትን ለባሏ እንኳ አልነገረችም። በአሲድ እየተነካካላት ቆየች። በምጥ ወለደች፣ ልጁም ደህና ነበር። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ስታስከትበው አየኋት፤ የቀረው እየሟሸሸ ጠፍቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መውጫውን ከዘጋ ወይም ብዙ የሚደማ ከሆነ ብቻ ነው። ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ ጉሮሮ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። በሱ ፍርሃት ልጅ አትተዪ። ከተቻለ ግን መጀመሪያ ታከሚ፣ ከዚያ አርግዢ።

አሁን እህትሽ።

እሷን የጻፍሽልኝ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ጉዳይ እሷ ናት። አንቺ በኪራይ ብር ልትገዢው ያሰብሽው ክትባት ለእሷ በነጻ ቀርቦ ነበር። ለአንቺ «ይረዳ ይሆናል» ያልኩት ነገር ለእሷ ቁርጥ ያለ ነው፤ ቫይረሱ ገና ሳያገኛት ስለሆነ። አውስትራሊያ ልጃገረዶቿን በፈረንጆቹ 2007 መክተብ ጀመረች። የዚያን ዓመት ወደ አባላዘር ክሊኒክ ከመጡ ከ21 ዓመት በታች ሴቶች መካከል ከመቶ 11 ተኩል ያህሉ ኪንታሮት ነበረባቸው። በ2011 ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ያልተከተቡ ወጣት ወንዶች ላይ ሳይቀር ቀነሰ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ በእኛ ጤና ጣቢያ የነበረውን ወረፋ አሰብኩ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ጥግ ይዘው የሚቀመጡትን ሴቶች።

መካን ያደርጋል የሚለውን እኔም ሰምቻለሁ። የክፋት ወሬ አይደለም፤ ልጅ ለምትወድ አገር በጣም የሚያስፈራ ወሬ ነው። ግን እውነት አይደለም። ክትባቱ እንደ ፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ እየተሰጠ ነው። ያኔ በልጅነታቸው የተከተቡ ዛሬ የልጆች እናት ናቸው። ሴትን በእውነት መካን ሊያደርጋት የሚችለው የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ብዙ ጊዜ ማህፀኗን አውጥተው ነው የሚያተርፏት። በኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት ከሚይዙ ካንሰሮች ሁለተኛው እሱ ነው። ፈርተሽ ያሸሻት ከሚጠብቃት ነገር ነው። አልወቅስሽም፤ የሰማሽውን አምነሽ፣ እሷን ወደሽ ነው ያደረግሽው።

በአገራችን ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። አሁን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ መርፌ ክንድ ላይ። እህትሽ 13 ዓመቷ ነው፤ ጊዜው አላለፈባትም፣ ግን ብዙም አልቀራትም። የትምህርት ቤቱን ዙር አትጠብቂ። ለምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ እሷንም ይዘሻት ሂጂና የክትባት ክፍሉን «ትምህርት ቤት ሲሰጥ አምልጧታል» በያቸው። ከሌላቸው መቼ እንደሚመጣ ጠይቂ፣ ስሟን አስመዝግቢ። ወላጆቻችሁ ሌላ ቦታ ከሆኑ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ምክንያቱን አስረጂያቸው።

ለእሷም ንገሪያት። ስለ አንቺ ሁሉንም መንገር የለብሽም። «ክትባቱን ተሳስቼ ከልክዬሽ ነበር» ማለት ይበቃል። በ13 ዓመቷ ታላቅ እህቷ ተሳስቼ ነበር ስትላት ትሰማለች።

ፎጣውንም መልሺላት። ይህ ቫይረስ በፎጣ፣ በሽንት ቤት መቀመጫ፣ በአንድ ሳህን በመብላት እንዲህ አይዛመትም፤ ከቆዳ ወደ ቆዳ ነው የሚሄደው። ምላጭሽን ብቻ ለብቻሽ አድርጊ። ፎጣ ስትከለክያት ምን ብላ እንዳሰበች አላውቅም፤ ልጅ ነች፣ እሷን የተጠየፍሻት ሊመስላት ይችላል። ዛሬ ማታ ወደ ቦታው መልሺው።

የደም ምርመራው ውጤት ሲደርስሽ ጻፊልኝ።